«ዩ መስት» ስለው ሳይገዛ ወጣ

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ፋርማሲ እሠራለሁ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ፋርማሲያችን የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ላይ ስለሆነ የውጭ አገር ደንበኛ አይጠፋም። ሕንዶች አሉ፣ ቻይናዎች አሉ፣ አልፎ አልፎ ፈረንጅም ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ባንኮኒው ላይ ስቆም ግን ምላሴ ይተሳሰራል።

ባለፈው አንድ ሕንዳዊ ሱፐርቫይዘር ጨጓራውን እንደሚያቃጥለው ነገረኝ። እኔም ለእሱ አስቤ ‹ዩ መስት ኢት ፈርስት፣ ዩ መስት ስቶፕ ኮፊ› አልኩት፤ መጀመሪያ መብላት አለብህ፣ ቡና ማቆም አለብህ ማለቴ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። ‹ኦኬ ማዳም› ብሎ ምንም ሳይገዛ ወጣ። አንዲት ፈረንጅ ደግሞ ‹አይ ፊል ሲክ› ስትለኝ ‹የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?› ብዬ ጠየቅኋት፤ እሷም ግራ ገባት፣ እኔም ግራ ገባኝ። አንድ የፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ የውጭ አገር ሐኪምም አንዳንዴ ይደውልልናል። እሱን ምክር መጠየቅ ስፈልግ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። የፋርማሲው ባለቤት ለማታው ፈረቃ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ሰው እቀጥራለሁ እያለ ነው። ኮርስ ልግባ ወይስ ሥራ ልቀይር?»

ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ አብሽሪ። ሥራ የሚያስቀይር ነገር አላየሁም። ኮርስ መግባትም አይከፋም። ግን ኮርሱ የሚያስተምርሽ በአብዛኛው ሰዋስው ነው፤ ሰዋስው ደግሞ የጎደለሽ አይመስለኝም።

የጎደለሽ ሌላ ነው። ደሴ ውስጥ ለጤና ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህንኑ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ተማሪው «ዲስፔፕሲያ» (የምግብ አለመፈጨት) ምን እንደሆነ ያውቃል። «ኖዚያ»ን፣ ማለትም ማቅለሽለሽን፣ ያውቃል። «ሃይፐርቴንሽን»ን፣ ማለትም የደም ግፊትን፣ አንድ ፊደል ሳይስት ይጽፋል። እነዚህ ግን ባለሙያ ከባለሙያ የሚነጋገርባቸው ቃላት ናቸው። የታመመ ሰው እንዲህ አይናገርም። እናትሽ ሲያማት «ሆዴን ቆረጠኝ» ትልሻለች፤ «አጥወለወለኝ» ትልሻለች፤ «ወገቤን ያዘኝ» ትልሻለች። እንግሊዝኛ የሚናገረውም ሰው የራሱ «ቆረጠኝ» እና «አጥወለወለኝ» አለው። ዩኒቨርሲቲ ሳያስተምርሽ የቀረው ያንን ነው። ብዙ አይደለም፤ ደግሞም ቶሎ ይያዛል።

ያችን ፈረንጅ እንይ። «አይ ፊል ሲክ» ሲሉ፣ በተለይ እንግሊዞች፣ ብዙ ጊዜ «አቅለሸለሸኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» ማለታቸው ነው። አሜሪካኖች ግን «ሲክ»ን ለማንኛውም ሕመም ይሉታል። ስለዚህ መገመት አያዋጣም። «ዱ ዩ ፊል ላይክ ቮሚቲንግ?» ብለሽ መጠየቅ ነው፤ ነገሩ እዚያው ይጠራል። «አፕሴት ስተመክ» ያለሽ ሰው ሆዱ ተበላሽቷል። «ስሮው አፕ» ማስመለስ ነው። «ሃርትበርን» የኛው ቃር ነው፤ ከልብ ጋር አይገናኝም። «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ጉንፋን ይዞኛል ነው፤ «አይ አም ኮልድ» ግን በረደኝ ብቻ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው «ዳያሪያ» ማለት ያፍራል። እንግሊዙ «ዘ ረንስ» ይልሻል፣ ሕንዱ «ሉዝ ሞሽን» ይልሻል። ይህን የሕንዶቹን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፤ አንቺ ሰፈር የሚሰማው እሱ ነው።

መጽሐፍ ልግዛ እንዳትይ። መጽሐፉ መደርደሪያሽ ላይ ነው። ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትወጣውን ወረቀት ታውቂያታለሽ፤ ደንበኛው ሳያያት ነው የሚጥላት። ከአውሮፓ በሚመጡት መድኃኒቶች ውስጥ ያለችው ወረቀት ለበሽተኛው ተብላ የተዘጋጀች ናት። «ኖዚያ» በማለት ፈንታ «ፊሊንግ ሲክ» ትላለች። ለትንፋሽ ማጠር «ዲስፕኒያ» በማለት ፈንታ «ዲፊከልቲ ብሪዚንግ» ትላለች። አንዳንዱ ወረቀት ለባለሙያ የተጻፈ ነው፤ እሱን ለጊዜው ተይው። ሰው በማይበዛበት ሰዓት አንዷን አንሺና የጎንዮሽ ጉዳቱን የሚዘረዝረውን ክፍል ጮክ ብለሽ አንብቢ። ድምፅ ማውጣቱ አስፈላጊ ነው። «ስተመክ ኤክ»ን «ስቶማች አቼ» እያሉ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች አውቃለሁ። «ሹድ» ውስጥ የተጻፈው «ኤል» አይነበብም። ሳል ደግሞ «ኮፍ» ነው፣ ፊደሉ ምንም ቢያሳስት።

አሁን ወደ ሕንዳዊው እንምጣ። ሰውየው የከፋው በምክርሽ አይመስለኝም፤ የታዘዘ ስለመሰለው ነው። በአማርኛ «በልተው ይውሰዱት» ብትይው ኖሮ አክብሮቱ ግሡ ውስጥ አለ። «ውሰድ» እና «ይውሰዱ» ምን ያህል እንደሚራራቁ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እንግሊዝኛ ግን አንተና እርስዎ የለውም፤ ለሁሉም «ዩ» ነው። አክብሮቱን የሚሸከሙለት «ኩድ»፣ «ማይት»፣ «ሹድ»፣ «ፐርሃፕስ» የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። እነሱን አውጥተሽ «መስት»ን ብቻ ስታስቀምጪ፣ በኛ አገር የማታውቂውን ሽማግሌ «ቡናህን ተው!» ብለሽ እንደመቆጣት ይሆናል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይልሽ። ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ ስትናገሪ ቀጥታ ትእዛዝ ችግር የለውም። «ቴክ ዋን ታብሌት ትዋይስ ኤ ዴይ፣ አፍተር ፉድ።» በዚህ የሚቀየም የለም፤ ካርቶኑም የሚለው እንደዚያው ነው። መለሳለስ የሚያስፈልገው ወደ ሰውየው ኑሮ ስትገቢ ነው። ቡናው፣ ሲጋራው፣ መጠጡ፣ ውፍረቱ የራሱ ናቸው። «ኢት ማይት ሄልፕ ቱ ድሪንክ ለስ ኮፊ» በይው። «ዋይ ዶንት ዩ ስቶፕ ኮፊ ፎር ኤ ዊክ ኤንድ ሲ?» በይው። እኛም እኮ «ለምን ለሳምንት አትተወውም?» እንላለን፤ አካሄዱ አንድ ነው። «ኢፍ አይ ወር ዩ፣ አይድ ሬስት ቱዴይ» ማለትም «እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ዛሬ አርፍ ነበር» ነው። በአማርኛ ስትመክሪ የምታውቂውን ለዛ ይዘሽው ግቢ።

ከ«መስት» ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በደብዳቤሽ ላይ ሰውየው «ያቃጥለኛል» አለ፤ ወዲያው ምክር መጣ። መሐል ላይ ጥያቄ የለም። አንድ ሱፐርቫይዘር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው። ወገቡን ወይም ጉልበቱን ሲያመው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየዋጠ ከሆነስ? እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን እንደሚያቆስሉ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከሆነ ደግሞ ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቡና መተው መፍትሔ አይሆንም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። እና ይህን ሁሉ የምታውቂው በጥያቄ ብቻ ነው።

ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው? «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ሃድ ዚስ?» ሌላ መድኃኒት እየወሰድክ ነው? «ኧር ዩ ቴኪንግ ኤኒ አዘር ሜዲሲን?» የማይስማማህ መድኃኒት አለ? «ኧር ዩ አለርጂክ ቱ ኤኒ ሜዲሲን?» ሴት ከሆነች እርግዝናውን መጠየቅሽ አይቀርም። «ኧር ዩ ፕሬግናንት?» ብለሽ ሰው ፊት ከምታፈርጪው፣ ጠጋ ብለሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ኢዝ ዜር ኤኒ ቻንስ ዩ ኩድ ቢ ፕሬግናንት?» ማለት ይሻላል። መልሱን ስትሰሚ ደግሞ ቀኑን ልብ በይ። «ፎር ስሪ ዴይስ» ሦስት ቀን ሆነኝ ነው፤ «ሲንስ መንደይ» ከሰኞ ጀምሮ ነው። ሰዎች ሁለቱን እያምታቱ ይናገራሉ፤ ከተጠራጠርሽ ካሌንደሩን አሳይተሽ ጠይቂ።

ከጥያቄውም በፊት አንድ ነገር አለ። እኛ ወሎ ውስጥ ሰው ሲታመም እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ጎረቤት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይሰበሰባል። አንዱ «አላህ ያሽርህ» ይላል፣ ሌላው «እግዜር ይማርህ» ይላል። ቡናው ቶና ሳይደርስ ዳማከሴው፣ ፌጦው፣ ዝንጅብሉ ሁሉ ታዞ ያልቃል። ሳንጠየቅ እንመክራለን፤ የምንመክረውም ስለምንወድ ነው። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ግን ቤተሰቡ አጠገቡ የለም፤ አንቺንም አያውቅሽም። ምክሩን ከመስማቱ በፊት እንደተሰማሽ ማወቅ ይፈልጋል። ለዚህ «አይም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» የምትለዋን አትርሻት። ይቅርታ መጠየቅ አይደለችም፤ የ«አይዞህ» ቦታ የምትይዝ ናት። ቀጥለሽ «ሜይ አይ አስክ ዩ ኤ ፊው ኩዌስቸንስ?» በይ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱ ልቡን ከፍቶ ይነግርሻል። ሲወጣም «አይ ሆፕ ዩ ፊል ቤተር ሱን» ብለሽ ሸኚው።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ልጻፍልሽ። ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። አንድ ሰው ሆዱን ይዞ ገባ።

«ማዳም፣ ሉዝ ሞሽን። ሲንስ የስተርደይ።»

«አይም ሶሪ ቱ ሂር ዛት። ሃው ሜኒ ታይምስ ቱዴይ?»

«ፋይቭ፣ ሲክስ ታይምስ።»

«ኢዝ ዜር ኤኒ ብለድ? ዱ ዩ ሃቭ ኤ ፊቨር?»

«ኖ፣ ኖ።»

«ኦኬ። ዘ ሞስት ኢምፖርታንት ቲንግ ኢዝ ቱ ድሪንክ። ሚክስ ዋን ፓኬት ኢን ዋን ሊተር ኦፍ ክሊን ዋተር። ድሪንክ ኢት ስሎውሊ፣ ኦል ዴይ። ኢፍ ዩ ሲ ብለድ፣ ኦር ኢፍ ዩ ካንት ኪፕ ወተር ዳውን፣ ጎ ቱ ዘ ሆስፒታል።»

አየሽ፣ ከባድ ቃል የለበትም። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊለው የሚችለው እንግሊዝኛ ነው። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ማዘን፣ ቀጥሎ መጠየቅ፣ ከዚያ መምከር። መጨረሻ ላይ ደግሞ መቼ እንደሚያስፈራ መንገር አለ። «ዋን ሊተር» ስትዪ ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ አንስተሽ አሳይው። ፓኬቱ ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካው ዱቄት። በግማሽ ሊትር ሲበጠበጥ ጨው ይበዛበታል፤ በሁለት ሊትር ሲበጠበጥ ደግሞ ይቀጥንና ጥቅሙ ይቀንሳል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን መጠንም አረጋግጪ፤ የአንድ ሊትር ያልሆነም አለ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ንገሪው።

ሲጨርስ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» አትበይው። ይህ ጥያቄ ተማሪን የመገሠጽ ድምፅ አለው፤ መልሱም ሁልጊዜ «የስ» ነው፣ ባይገባውም። ይልቅ ጥፋቱን ወደ ራስሽ አዙሪው፤ «ጀስት ቱ ሜክ ሹር አይ ኤክስፕሌንድ ኢት ክሊርሊ፣ ሃው ዊል ዩ ቴክ ኢት?» በይ። ራሱ መልሶ ሲነግርሽ የተሳሳተውን ታያለሽ። ይህን ለአማርኛ ደንበኞችሽም አድርጊው፤ «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» በያቸው። እንደኔ እንደኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚያድነው አንዱ ልማድ ይህ ነው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የኛ ሁለት ሰዓት የእነሱ ስምንት ሰዓት ነው። «ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት» የሚለውን በልብሽ ይዘሽ «አት ቱ ኦክሎክ» ካልሽው፣ ሰውየው ሌሊት ከእንቅልፉ ተነስቶ ይውጣል። «አት ኤይት ኢን ዘ ሞርኒንግ ኤንድ ኤይት አት ናይት» ነው። ጻፊለትም፤ ከጎኑ ፀሐይና ጨረቃ ሣዪበት። ቻይናዎቹ ይህን ወዲያው ይረዱታል። ከእነሱ ጋር በስልክ አስተርጓሚ ስትነጋገሪ አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሚ፤ ሲረዝም ማሽኑ ያምታታል። የመድኃኒት መጠን ግን በማሽን አትመኚ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ስጪ።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ አንድ አሜሪካዊ «ማይ ቴምፐረቸር ኢዝ 101» ቢልሽ አትደንግጪ። በፋራናይት ነው የሚያወራው፤ በኛ 38.3 ገደማ ነው። «ታይለኖል» ወይም «አሴታሚኖፈን» ሲልሽም ፓራሲታሞል ፈልጎ ነው። የጉንፋን መድኃኒት ደርቦ እየወሰደ እንደሆነ ጠይቂው፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከስምንት ፍሬ፣ ማለፍ እንደሌለበት ታውቂያለሽ። «ኖ ሞር ዛን ኤይት ታብሌትስ ኢን 24 አወርስ።» ይህን ስትዪ «ማይት» አትጨምሪበት።

እዚህ ላይ ነው የምክርሽ ጉልበት የሚለያየው። ለስላሳ ቃል ጥሩ ነው ስልሽ ለሁሉም ማለቴ አይደለም። ቃሉ ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ጉንፋን የያዘው ሰው «ዩ ኩድ ትራይ ሃኒ ኤንድ ሌመን» ቢባል ይበቃዋል። ወገቡን ለሚያመው «ዩ ሹድ ሬስት» ይበቃዋል። ደረቱን ጨምቆ የያዘው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሄደ፣ ያላበው ሰው ፊትሽ ቢቆም ግን «ዩ ማይት ዎንት ቱ ሲ ኤ ዶክተር» ብሎ ትሕትና የለም። «ዚስ ኩድ ቢ ዩር ሃርት። ዩ ኒድ ቱ ጎ ቱ ዘ ሆስፒታል ናው።» ብለሽ መኪና ጥሪለት። ትኩሳት ኖሮት አንገቱ አልታጠፍ ያለው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ነፍሰ ጡር ሆና ደም የፈሰሳት፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። «መስት» እና «ኒድ ቱ» የተቀመጡት ለእነዚህ ነው። ለቡና ካባከንሻቸው ለልብ ሕመም ስትፈልጊያቸው ጉልበት አይኖራቸውም።

ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሽሮፕ ገዝቶ እንዲሄድ አታድርጊ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። «ዩድ ቤተር ጌት ቴስትድ» ማለት እዚህ ቦታው ነው። «ዩድ ቤተር» ሲዘረዘር «ዩ ሃድ ቤተር» ነው፤ «ሃድ ቤተር» ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለበት፤ ካላደረግክ ችግር ይመጣል ዓይነት። ስለዚህ ለትንሽ ነገር አትጠቀሚበት። ትኩሳት ከሆነ ደግሞ የት እንደነበረ ጠይቂው። አገራችን ውስጥ ከ2000 ሜትር በታች ያለው መሬት በአብዛኛው ወባ የሚገኝበት ነው፤ ኮምቦልቻም ከዚያ በታች ናት። ወደ ሐርቡ፣ ወደ ባቲ ወይም ወደ አፋር ወርዶ የተመለሰ ሰው ከሆነ ደሙ ሳይታይ የትኩሳት ማብረጃ ብቻ ሰጥተሽ አትሸኚው። «ዩ ኒድ ኤ ብለድ ቴስት ፎር ማላሪያ ቱዴይ።» ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ወባን በስም እንጂ በምልክት አያውቁትም፤ ጉንፋን ነው ብለው ይተኛሉ።

አንቲባዮቲክ የሚጠይቅሽ ሰው አይጠፋም። የኛም ሰው «አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ይላል፣ የውጩም «ሲፕሮ» ይላል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ራሱ ይለቃል። ያለ ሐኪም ማዘዣ መስጠትም አይፈቀድም። እምቢ ማለቱን እንግሊዝኛ ያለሰልሰዋል። «አይም አፍሬይድ አይ ካንት ጊቭ ዩ ዛት ዊዛውት ኤ ፕሪስክሪፕሽን» በይ። «አይም አፍሬይድ» ፈራሁ ማለት እንዳይመስልሽ፤ አዝናለሁ ነው። እምቢ ብለሽ ግን ባዶ እጁን አትስደጂው። «በት አይ ኬን ጊቭ ዩ ሳምቲንግ ፎር ዘ ፊቨር» ብለሽ ቀጥዪ። ሰው እምቢታውን የሚውጠው ከኋላው ሌላ ነገር ሲያይ ነው።

ደንበኛው ራሱ ምክር ሲጠይቅሽ ቃሉን አድምጪው። «ዱ ዩ ሃቭ ሳምቲንግ ፎር ኤ ኮፍ?» ያለሽ ሰው መድኃኒት ገዝቶ መሄድ ነው የፈለገው። «ዋት ዱ ዩ ሬኮመንድ?» ያለሽ አማራጭ እንድታሳዪው ይፈልጋል። «ሹድ አይ ሲ ኤ ዶክተር?» ያለሽ ሰው ግን ውስጡ ፈርቷል። ይህን የሰማሽ እንደሆነ የያዝሽውን ሥራ አስቀምጪና ጊዜ ስጪው። ምናልባት ያልነገረሽ ነገር አለ። «ኢዝ ዜር ኤኒቲንግ ኤልስ ወሪዪንግ ዩ?» ብለሽ ጠይቂው።

ልምምዱን ከሥራ ባልደረባሽ ጋር አድርጉት። ፋርማሲው ጭር ሲል አንዳችሁ ከባንኮኒው ውጭ ቁሙ። ተራ በተራ ታመሙ። አንቺም በሽተኛ ሁኚ፤ «አይቭ ጎት ኤ ሶር ስሮት» ብለሽ ግቢ፣ ስትመከሪ ምን እንደሚሰማሽ እዪ። አንድ ቀን ሆድ፣ አንድ ቀን ጉሮሮ፣ አንድ ቀን ቆዳ እያላችሁ ሂዱ። ስትሳሳቱ አትቁሙ፤ ጨርሱትና ተራረሙ። አንድ ሰሞን ከሠራችሁበት አፋችሁ ይፈታል።

ስለ ባለቤቱም ልበልሽ። ለማታው እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ግን ፋርማሲ ያልተማረ ሰው ካመጣ፣ ባንኮኒው ላይ የሚሰጠው ምክር ያማረ እንግሊዝኛ ይሆናል እንጂ የጤና ምክር አይሆንም። ይህን በአክብሮት ንገሪው። መድኃኒት የማያውቅ ሰው ምክር መስጠት የለበትም፤ በየትኛውም ቋንቋ። አንቺ ግን መድኃኒቱን ታውቂያለሽ፤ ቋንቋው ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። ጊዜ እንዲሰጥሽ ጠይቂው።

የቀረን ሐኪሙ ነው። እዚህ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እሱ ሥራ ላይ ስለሆነ ከሰላምታው ቀጥለሽ ወደ ጉዳዩ ግቢ። ማን እንደሆንሽ፣ በሽተኛው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደወሰደ፣ አንቺ ምን እንደምታስቢ በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር ንገሪው። ከመደወልሽ በፊት በወረቀት ጻፊው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከዚያ «አይድ ላይክ ዩር አድቫይስ» በይ። «አን አድቫይስ» ወይም «አድቫይሰስ» አይባልም። ጥያቄሽን ደግሞ ጠባብ አድርጊው። «ዋት ሹድ አይ ዱ?» ከምትዪ «ዱ ዩ ቲንክ አይ ሹድ ሴንድ ሂም ቱ ዘ ሆስፒታል?» ወይም «ዉድ ኢት ቢ ሴፍ ቱ ጊቭ ሂም ዚስ ዊዝ ሂዝ ብለድ ፕሬዠር ሜዲሲን?» ብትዪ ቶሎና ትክክለኛ መልስ ታገኛለሽ። ያልሰማሽውን «የስ፣ የስ» ብለሽ አትለፊ። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ማለት ማንንም አያስቀይምም። የመድኃኒት ስም ከሆነ «ኩድ ዩ ስፔል ኢት፣ ፕሊዝ?» በይው፤ ፊደል በፊደል ይንገርሽ።

ከሁሉ በላይ ቁጥር ላይ አደራ። በስልክ 15 እና 50 አንድ ዓይነት ይሰማሉ፤ 13 እና 30ም እንደዚያው። «ዋን ፋይቭ፣ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብለሽ ጠይቂው። የጻፍሽውን ስሙንም፣ ሚሊግራሙንም፣ በቀን ስንቴ እንደሆነም መልሰሽ አንብቢለት። «የስ፣ ዛትስ ራይት» እስኪልሽ ድረስ ስልኩን አትዝጊ።